የአሜሪካን የሽያጭ ታክስ ራሳችሁ አስሉት፦ ከመደርደሪያው ዋጋ እስከ ደረሰኙ ድምር

አሜሪካ ውስጥ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋና ካሸሩ የሚጠይቃችሁ ብር አይገጥሙም። 20 ዶላር የሚል ዕቃ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፤ 21 ዶላር ከምናምን ሳንቲም ክፈሉ ትባላላችሁ። አዲስ መጪው ግራ ይገባዋል። ነባሩ ደግሞ "ታክስ ነዋ" ብሎ ካርዱን ይሰጣል፤ ስንት እንደተወሰደበት ግን አያይም። ብዙዎቻችን ለዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው።

ሂሳቡ ከስልካችን ካልኩሌተር አያልፍም። ማባዛቱ ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው ምን ላይ እንደሚባዛ ሳያጣራ ሲያባዛ ነው። ስለዚህ መመሪያውን በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ሠርቼዋለሁ፦ የት ገዛችሁ? ምን ገዛችሁ? ታክሱ ያረፈው በየትኛው ዋጋ ላይ ነው? እነዚህን በቅደም ተከተል የመለሰ ሰው ደረሰኙ ሳይወጣ ታክሱን ያውቀዋል። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቫት በምን ይለያል?

አገር ቤት ቫት 15 በመቶ ነው። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ያው 15 ነው። አስመጪው፣ አከፋፋዩና ቸርቻሪው በየደረጃው ይሰበስባሉ። ሲገዙ የከፈሉትን፣ ሲሸጡ ከሰበሰቡት ላይ ያቀናንሳሉ።

የአሜሪካው ሴልስ ታክስ የሚሰበሰበው አንዴ ብቻ ነው፤ ዕቃው በመጨረሻው ተጠቃሚ እጅ ሲገባ። ባለሱቁ ሊሸጠው ከአከፋፋይ ሲገዛ አይከፍልም። የፌዴራል መንግሥቱም የሽያጭ ታክስ የለውም። ታክሱን የሚጥሉት ስቴቶች ናቸው። ከነሱ በታች ካውንቲዎችና ከተሞች፣ አንዳንዴም የአውቶቡስና የባቡር ድርጅቶች የየራሳቸውን ይጨምሩበታል።

45 ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ይህ ታክስ አላቸው። አላስካ፣ ደላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸርና ኦሪገን በስቴት ደረጃ የላቸውም። አላስካ ውስጥ ግን ከተሞችና አካባቢዎች የራሳቸውን መጣል ይችላሉ። ብዙዎቹም ጥለዋል።

አንደኛ ደረጃ፦ የት ገዛችሁ?

ሱቅ ገብታችሁ ከገዛችሁ፣ የሚሠራው ሱቁ ያለበት ቦታ መጣኔ፣ የታክሱ መቶኛ ማለት ነው። የምትኖሩበት ቦታ እዚህ ላይ አይገባም። መጣኔው ብዙ ጊዜ የተደራረበ ነው። ዳላስን እንይ። ቴክሳስ ለስቴቱ 6.25 በመቶ ትወስዳለች። የዳላስ ከተማ 1 በመቶ ይጨምራል። ዳርት የሚባለው የአካባቢው የትራንስፖርት ድርጅት ሌላ 1 በመቶ አለው። ድምሩ 8.25 በመቶ ይሆናል። በቴክሳስ ሕግ የአካባቢዎች ጭማሪ ተደምሮ ከ2 በመቶ ስለማያልፍ፣ በስቴቱ ውስጥ ከ8.25 በላይ አይኬድም።

ኮሎራዶ ከቴክሳስ የበለጠ ታደናግራለች። የስቴቱ ድርሻ 2.9 በመቶ ብቻ ነው። የሽያጭ ታክስ ካላቸው ስቴቶች ሁሉ ዝቅተኛው ይሄ ነው። ብዙ ሐበሻ ያለባት አውሮራ ግን ከተማዋ ራሷ 3.75 በመቶ አላት። ለአውቶቡስና ባቡር 1 በመቶ፣ ለባህል ተቋማት 0.1 በመቶ ይጨመራል። ከዚያ ካውንቲው ይመጣል። አውሮራ ከአንድ በላይ ካውንቲ ውስጥ የተዘረጋች ከተማ ናት። ሱቁ አራፓሆ ካውንቲ ውስጥ ከሆነ 0.25 ተጨምሮ 8 በመቶ ይሞላል። አዳምስ ካውንቲ ውስጥ ከሆነ 0.75 ተጨምሮ 8.5 ይሆናል። ከተማው አንድ፣ ታክሱ ሁለት።

ለዚህ ነው በዚፕ ኮድ ብቻ መጣኔ መፈለግ የማያስተማምነው። ዚፕ ኮድ የተሠራው ለፖስታ ቤት ነው። የከተማና የካውንቲ ወሰን አያከብርም። ሙሉ አድራሻ አስገቡ። የቴክሳስ ኮምፕትሮለር፣ የዋሽንግተን ስቴት የገቢዎች መሥሪያ ቤትና የካሊፎርኒያው የታክስና ክፍያ አስተዳደር መሥሪያ ቤት በድረ ገጻቸው ላይ አድራሻ ተቀብሎ መጣኔውን የሚሰጥ መፈለጊያ አላቸው። ከማንኛውም የግል ካልኩሌተር በፊት እነሱን እመኑ። መጣኔ ይቀየራል፤ ብዙ ጊዜም ለውጡ የሚጀምረው በሩብ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው።

ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸውን ሌሎች ቦታዎች ባጭሩ ላስቀምጥ። ሜሪላንድ በሙሉ 6 በመቶ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግም ባልቲሞርም ያው ነው፤ ካውንቲ የሚጨምረው የለም። ሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ ነው፤ ከአካባቢው ውጭ ያለው አብዛኛው ቨርጂኒያ 5.3 ነው። ሚኒሶታ ለስቴቱ 6.875 ትወስዳለች፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም ተደምሮ 9.025 ደርሷል። ካሊፎርኒያ ከ7.25 በታች የሚባል የለም፤ ብዙ ከተሞች ከዚያ በላይ ናቸው። የዋሽንግተን ስቴት መነሻ 6.5 ነው፤ ሲያትል ላይ የአካባቢው ተጨምሮ ከ10 ያልፋል። ቴክሳስና ዋሽንግተን ከደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ ስለማይወስዱ በሽያጩ ላይ በጣም ይመካሉ። ደሞዝ ላይ የቀረላችሁ ሱቅ ውስጥ ይጠብቃችኋል።

ኦንላይን ስትገዙስ? በብዛት የሚሠራው ዕቃው የሚደርስበት አድራሻ መጣኔ ነው። ሰኔ 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ጉዳይ ላይ ከወሰነ ወዲህ፣ ሻጩ በስቴቱ ውስጥ ሱቅም መጋዘንም ባይኖረው ስቴቱ ታክስ እንዲሰበስብ ሊያስገድደው ይችላል። ከዚያ በፊት ብዙ የኦንላይን ዕቃ ያለ ታክስ ይመጣ ነበር። ዛሬ እንደ አማዞን ያሉ ገበያዎች በውስጣቸው ለሚሸጡ ትናንሽ ነጋዴዎች ጭምር ታክሱን ሰብስበው ያስገባሉ። ስለዚህ ለዘመድ የምትልኩት ዕቃ ታክሱ የሚሰላው በዘመዳችሁ አድራሻ ነው። ዳላስ ሆናችሁ ፖርትላንድ ላለች እህታችሁ ብትልኩ፣ ኦሪገን ታክስ ስለሌላት አይታሰብም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ምን ገዛችሁ?

ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው። ገንዘቡም ያለው እዚህ ነው። መጣኔው 8.25 ነው ማለት የገዛችሁት ሁሉ 8.25 ይከፈልበታል ማለት አይደለም።

ከምግብ እንጀምር። ቤት ወስደን የምናበስለው ወይም የምንበላው ምግብ በአብዛኛው ስቴት ታክስ የለበትም ወይም ዝቅ ያለ መጣኔ አለው። ሬስቶራንት ተበስሎ የሚቀርበው ግን ታክስ አለበት። እንጀራን ውሰዱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ግሮሰሪ የታሸገ እንጀራ ብትገዙ ታክሱ ዜሮ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ብትገዙ 1 በመቶ ነው፤ ቨርጂኒያ የግሮሰሪ ምግብን ከጥር 2023 ጀምሮ ወደ 1 በመቶ አውርዳዋለች። ያው እንጀራ በያይነቱ ሆኖ ሳህን ላይ ሲመጣ ታሪኩ ይለወጣል። ሜሪላንድ 6 በመቶ ይከፈልበታል። ዲሲ 10 በመቶ ነው፤ የሬስቶራንት ምግብ እዚያ የራሱ መጣኔ አለው። አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ በ2025 የሽያጩ 6 በመቶ ላይ ካውንቲው ለምግብ ቤት የሚያስከፍለው 4 በመቶ ተደምሮ 10 ይሆን ነበር። ደረሰኙ ላይ ሁለት የታክስ መስመር ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሁለቴ አልተበላችሁም።

ለስላሳና ከረሜላ ምግብ ቢመስሉም ብዙ ስቴቶች ምግብ አይሏቸውም። ቴክሳስና ሜሪላንድ ሁለቱንም ታክስ ያደርጓቸዋል። ሜሪላንድ ውስጥ አልኮል 9 በመቶ ነው። ወሰኑ አንዳንዴ በጣም ይቀጥናል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሙሉ ቤግል ገዝታችሁ ብትሄዱ ታክስ የለበትም። ሻጩ ሰንጥቆ ከሰጣችሁ "የተዘጋጀ ምግብ" ሆነ ማለት ነው፤ ታክስ ይመጣል።

ልብስ ደግሞ ከስቴት ስቴት ይለያል። ሚኒሶታ፣ ፔንሲልቬንያና ኒው ጀርሲ የዘወትር ልብስን ታክስ አያደርጉም። ቴክሳስ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያደርጋሉ። ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስ ጣራ አስቀምጠዋል፤ የጣራው አሠራር ግን ይለያያል፣ ልብ በሉ። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ከ110 ዶላር በታች የሆነ ልብስ ወይም ጫማ ታክስ የለበትም። 110 ከሞላ ግን በሙሉው ዋጋ ላይ 8.875 በመቶ ይከፈላል። 109 ዶላር የሚል ጫማ 109 ትከፍሉበታላችሁ። 110 የሚለው 9.76 ታክስ ተጨምሮበት 119.76 ይሆናል። የመለያ ዋጋው ልዩነት አንድ ዶላር ነበር፤ ከኪስ የወጣው ልዩነት 10.76 ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ጣራው 175 ዶላር ሲሆን፣ ታክስ የሚሆነው ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው። ቦስተን ላይ 200 ዶላር ካፖርት ብትገዙ 6.25 በመቶው የሚታሰበው በ25 ዶላሩ ላይ ነው፤ 1.56 ብቻ ትከፍላላችሁ።

ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ነፃ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ግን ይለያያል፤ ቴክሳስና ኒው ዮርክ ነፃ አድርገውታል።

ፉድ ስታምፕ፣ መንግሥት በካርድ የሚሰጠውን የምግብ ድጋፍ፣ የምትጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር እወቁ። በፉድ ስታምፕ በተከፈለ ምግብ ላይ የስቴትም የከተማም የሽያጭ ታክስ መጠየቅ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ቨርጂኒያ 1 በመቶ ብትልም፣ በካርዱ የከፈላችሁት ላይ አይታሰብም። ደረሰኛችሁ ላይ ታክስ ካያችሁ የትኛው ዕቃ በጥሬ ብር እንደተከፈለ ተመልከቱ።

ለትምህርት ቤት ልብስ የምትገዙ ወላጆች ደግሞ ነሐሴን ጠብቁ። ቴክሳስ በነሐሴ አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ አርብንም ጨምሮ፣ ከ100 ዶላር በታች የሆነ ልብስ፣ ጫማና የትምህርት ቤት ዕቃ ታክስ አታስከፍልም። ሜሪላንድ ከነሐሴ ሁለተኛ እሑድ ጀምሮ አንድ ሳምንት ሙሉ 100 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ ልብስና ጫማ ነፃ ታደርጋለች። የሚታየው የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ነው። አሥር ሸሚዝ ገዝታችሁ ድምሩ 400 ቢሆንም እያንዳንዱ ከጣራው ካላለፈ ነፃ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ታክሱ የሚያርፈው በየትኛው ዋጋ ላይ ነው?

ሱቁ ራሱ የሚሰጠው ቅናሽ መጀመሪያ ይቀነሳል፤ ታክሱ በቀሪው ላይ ይሰላል። ኩፖን ላይ ግን ማን እንዳወጣው ተመልከቱ። በብዙ ስቴቶች የፋብሪካው ኩፖን የታክሱን መነሻ አይቀንስም፤ ምክንያቱም ሱቁ ያንን ብር ከፋብሪካው ይቀበላል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ 10 ዶላር የልብስ ሳሙና ገዛችሁ እንበል። የሱቁ የ3 ዶላር ኩፖን ካላችሁ ታክሱ በ7 ዶላር ላይ ነው፤ 63 ሳንቲም። ኩፖኑ የፋብሪካው ከሆነ በ10 ዶላሩ ላይ ይሰላል፤ 90 ሳንቲም። ቴክሳስ ሁለቱንም ኩፖን እንደ ቅናሽ ትቀበላለች።

የማድረሻ ክፍያም አለ። ቴክሳስ ውስጥ ዕቃው ታክስ ካለበት ማድረሻውም አለበት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የማጓጓዣው ሂሳብ ለብቻው ከተጻፈ ነፃ ነው። "ማጓጓዣና ማዘጋጃ" ተብሎ አንድ ላይ ከተጠቀለለ ግን ሜሪላንድ ውስጥ ታክስ ይሆናል። ኮሎራዶ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመኪና ለሚደርስ ዕቃ ሌላ ትንሽ ክፍያ ትጠይቃለች፤ ሲጀመር 27 ሳንቲም ነበር። ሚኒሶታም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ሲደርስ 50 ሳንቲም አላት። እነዚህ በመቶኛ አይሰሉም፤ ደረሰኙ ላይ ለብቻቸው ይታያሉ።

በክፍያ የምትወስዱት ስልክ በብዙ ቦታ ታክሱን ሙሉ በሙሉ የምትከፍሉት በመጀመሪያው ቀን ነው። ዳላስ ውስጥ የ1,000 ዶላር ስልክ በየወሩ ልትከፍሉ ብትስማሙም 82.50 ታክሱ ዛሬ ይጠየቃል። "ዛሬ ምንም አትከፍሉም" የሚለውን ማስታወቂያ አይታችሁ ባዶ ኪስ አትሂዱ።

መኪና የራሱ ሕግ አለው። ታክሱ የሚከፈለው ታርጋ በምታወጡበት ስቴት ነው፤ ስለዚህ ታክስ ወደሌለበት ስቴት ሄዶ መግዛት ብቻውን አያድንም። ዋናው ጥያቄ አሮጌ መኪናችሁን ስትሰጡ፣ ትሬድ ኢን ስታደርጉ ማለት ነው፣ ዋጋው ይቀነሳል ወይ የሚለው ነው። ቴክሳስ ትቀንሳለች። 20,000 ዶላር መኪና ገዝታችሁ 5,000 የሚያወጣ አሮጌ ብትሰጡ፣ 6.25 በመቶው በ15,000 ላይ ነው፤ 937.50 ዶላር። ካሊፎርኒያ አትቀንስም። ዝቅተኛውን 7.25 ብንወስድ እንኳ በሙሉው 20,000 ላይ 1,450 ዶላር ይሆናል። ቨርጂኒያም አትቀንስም፤ የመኪና መጣኔዋ ግን 4.15 በመቶ ነው። ከሻጩ ጋር ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ሥሩት። የመኪና ሻጭ ስለ ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ማውራት ይወዳል፤ ታክሱ ውስጡ ተውጦ ይቀራል።

አራተኛ ደረጃ፦ አሁን ማስላት

ዳላስ ካለ የሐበሻ ግሮሰሪ ገባን እንበል። ዘንቢላችን ውስጥ ያለው ይህ ነው፦

እንጀራ፣ 9.00 ዶላር
ጥሬ ቡና፣ 12.00
በርበሬ፣ 15.00
ለስላሳ፣ 6.49
የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሶፍት፣ 11.50
ዕጣን፣ 7.00

ድምሩ 60.99 ነው። ቸኩሎ የሚያሰላ ሰው 60.99ን በ0.0825 አባዝቶ 5.03 ታክስ ይላል። ተሳሳተ። መጀመሪያ ለዩ። እንጀራው፣ ቡናውና በርበሬው ቤት የሚበላና የሚጠጣ ስለሆነ ቴክሳስ ነፃ አድርጋዋለች፤ እነሱ 36 ዶላር ናቸው። ለስላሳው፣ ሳሙናና ሶፍቱ፣ ዕጣኑም ታክስ አለባቸው። 6.49 ሲደመር 11.50 ሲደመር 7.00 ይሆናል 24.99።

ቀጥሎ መቶኛውን ወደ ነጥብ ቁጥር ለውጡ። 8.25ን ለ100 ማካፈል 0.0825 ይሰጣል። እዚህ ላይ ሰው 0.825 ብሎ ይጽፍና ታክሱ ከዕቃው ሊደርስ ሲል ይደነግጣል። ዜሮዋን አትርሱ። 24.99 በ0.0825 ሲባዛ 2.061675 ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ሦስተኛዋ ቁጥር 5ና ከዚያ በላይ ከሆነች ወደ ላይ፣ ካነሰች ወደ ታች አጠጋጉ። እዚህ 1 ስለሆነች ታክሱ 2.06 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 1.56ቱ ለስቴቱ፣ 25 ሳንቲሙ ለከተማው፣ 25 ሳንቲሙ ለዳርት ይሄዳል።

60.99 ሲደመር 2.06፣ የምትከፍሉት 63.05 ዶላር ነው። በችኮላው ሂሳብና በትክክለኛው መካከል ያለው ልዩነት ወደ 3 ዶላር ይጠጋል። በየሳምንቱ አስቤዛ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ተራ ገንዘብ አይደለም። በተለይ ባለሱቁ ካሽ ሬጂስተሩን ሲያዘጋጅ ምግቡን ሁሉ "ታክስ" ብሎ ካስገባው በየጊዜው ይወጣባችኋል። እኔም የታሸገ እንጀራ ላይ ታክስ የተጨመረበት ደረሰኝ ደርሶኝ ያውቃል። ባለቤቱ ሲነገረው አስተካከለው፤ ሆን ብሎ አልነበረም።

በብዙ ሱቆች ደረሰኝ ላይ ከዋጋው ጎን አንዲት ፊደል ትቀመጣለች። ታክስ ያለበትንና የሌለበትን የምትለየው እሷ ናት። የፊደሉ ትርጉም እንደየሱቁ ይለያያል፤ የሳሙናውንና የእንጀራውን ፊደል አስተያዩ፣ ወዲያው ይገባችኋል።

ወደ ኋላ ማስላት

አንዳንዴ የያዛችሁት ድምሩን ብቻ ነው። ታክስ የገባበት 108.25 ከፍላችኋል፤ ዕቃው ስንት ነበር? 8.25 በመቶውን ከ108.25 ላይ አትቀንሱ። እንደዚያ ካደረጋችሁ 8.93 ታክስ ይወጣል፣ ስህተት ነው። ትክክሉ ድምሩን ለ1.0825 ማካፈል ነው። 100 ዶላር ይመጣል፤ ታክሱ 8.25። ለሥራ የገዛችሁትን ለማስመለስ ወይም ከጓደኛ ጋር ሂሳብ ለመካፈል ይህ ያስፈልጋል።

ዕቃ ስትመልሱ ታክሱም አብሮ መመለስ አለበት። የተመለሰላችሁ የመደርደሪያው ዋጋ ብቻ ከሆነ ጠይቁ።

ሬስቶራንት፦ ታክስና ቲፕ

ዲሲ ውስጥ አራት ሆናችሁ በላችሁ፤ ምግቡ 120 ዶላር ሆነ። ታክሱ 10 በመቶ፣ 12 ዶላር። ድምሩ 132። 20 በመቶ ቲፕ ልትሰጡ ብትፈልጉ በምግቡ ዋጋ ላይ 24 ዶላር ነው። አንዳንድ የካርድ ማሽኖች ግን ከታክሱ በኋላ ባለው ድምር ላይ ያሰሉና 26.40 ያሳያሉ። ብትሰጡ ክፋት የለውም፤ አስተናጋጁ ይገባዋል። ግን አውቃችሁ ስጡ። በፈቃዳችሁ የምትሰጡት ቲፕ ታክስ የለበትም። ምግብ ቤቱ ራሱ በግዴታ የሚጨምረው የአገልግሎት ክፍያ ግን በብዙ ስቴቶች ታክስ ይደረጋል። ለሠርግ ወይም ለክርስትና አዳራሽና ምግብ ስትዋዋሉ ይህን አስቀድማችሁ አስጽፉ፤ በትልቅ ሂሳብ ላይ ብዙ ብር ነው።

ታክስ ሳትከፍሉ የገዛችሁት

ከሜሪላንድ ወደ ደላዌር ነድቶ ላፕቶፕ መግዛት የተለመደ ነው። 1,200 ዶላር፣ ታክስ ዜሮ። ሕጉ ግን ዕቃውን የምትጠቀሙበት ስቴት ድርሻውን ይጠይቃል ይላል። ዩዝ ታክስ ይባላል። ለሜሪላንድ ነዋሪ 6 በመቶው፣ 72 ዶላር ማለት ነው። ሌላ ስቴት ያነሰ ታክስ ከፍላችሁ ከመጣችሁ ልዩነቱን ብቻ ትከፍላላችሁ። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ በዓመታዊው የስቴት ታክስ ቅጽ ላይ ለዚህ መስመር አላቸው። ታክስ ሲሠራላችሁ "የለም፣ ዜሮ በል" ከማለታችሁ በፊት አስቡበት፤ ፊርማው የናንተ ነው።

ከአገር ቤት እንግዳ የመጣባችሁ እንደሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፓ በኤርፖርት ታክስ የሚመለስበት አገር አቀፍ አሠራር የለም። ቴክሳስ ውስጥ ለውጭ አገር ጎብኚዎች ይህን የሚሠሩ የግል ድርጅቶች አሉ። ደረሰኙን፣ ፓስፖርቱንና የበረራ ወረቀቱን አንድ ላይ እንዲይዙ ንገሯቸው።

ዓመታዊ ታክስ ስታስገቡ

ወጪያችሁን በዝርዝር በስኬጁል ኤ የምታቀርቡ ከሆነ፣ በዓመቱ የከፈላችሁትን የስቴት የገቢ ታክስ ወይም የሽያጭ ታክስ፣ ከሁለት አንዱን፣ የፌዴራል ታክስ ከሚታሰብበት ገቢያችሁ ላይ መቀነስ ትችላላችሁ። ሁለቱን አይሆንም። ስለዚህ ይህ ምርጫ በዋናነት የሚጠቅመው የገቢ ታክስ በሌላቸው እንደ ቴክሳስና ዋሽንግተን ባሉ ስቴቶች ለሚኖሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረሰኝ ማከማቸት ግዴታ አይደለም፤ አይአርኤስ፣ የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ በገቢና በቤተሰብ ብዛት የሚያሰላ ሰንጠረዥ አለው። መኪና የገዛችሁበት ዓመት ከሆነ የመኪናውን ታክስ ከሰንጠረዡ ቁጥር በላይ መደመር ይቻላል። ያቺን ወረቀት አትጣሉ። የቤት ታክስን ጨምሮ የሚቀነሰው ጣራ ከ2018 ጀምሮ 10,000 ዶላር ነበር፤ ለ2025 ወደ 40,000 ከፍ ብሏል፤ ገቢው ከ500,000 ለሚያልፍ ደግሞ ይቀንሳል። መደበኛውን ተቀናሽ የሚወስድ ሰው፣ አብዛኛው ሰው ማለት ነው፣ ከዚህ አይጠቀምም።

ሱቅ ልትከፍቱ ላሰባችሁ

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልበል። የሰበሰባችሁት ታክስ የናንተ ገንዘብ አይደለም። ለስቴቱ በአደራ የያዛችሁት ነው። ለቤት ኪራይ ወይም ለዕቃ መግዣ ተጠቅሞበት በወሩ መጨረሻ የሚያጥረው ሰው ብዙ ነው፤ ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ ስቴቱ በግል ሊጠይቀው ይችላል። ሌላ የባንክ ሂሳብ ክፈቱና በየቀኑ እዚያ አስገቡት። የሽያጭ ታክስ ፈቃዱን ሱቁን ከመክፈታችሁ በፊት አውጡ፤ ቴክሳስ ውስጥ በነፃ ነው የሚሰጠው። ከአከፋፋይ ስትገዙ ሪሴል ሰርተፊኬት፣ ዕቃውን መልሳችሁ ለመሸጥ እንደምትገዙ የሚያሳይ ወረቀት፣ ስጡ፣ ታክስ እንዳትከፍሉ። ከመደርደሪያችሁ አንስታችሁ ለቤት የወሰዳችሁት ሳሙና ግን ታክስ አለበት። ሽያጭ ባልነበረበት ወርም ሪፖርት አስገቡ። ቴክሳስ ዘግይቶ ለገባ ሪፖርት፣ ታክሱ ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ 50 ዶላር ትቀጣለች።

ደረሰኙ ከሂሳባችሁ ካልገጠመ

መጀመሪያ ቦታውን አጣሩ፤ ሱቁ በየትኛው ከተማና ካውንቲ ውስጥ ነው? ቀጥሎ የትኛው ዕቃ ላይ ታክስ እንደተጨመረ ተመልከቱ። የጥቂት ሳንቲም ልዩነት ከማጠጋጋት ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንድ ሱቅ በየዕቃው ያጠጋጋል፣ አንዳንዱ በድምሩ። ከዚያ ያለፈ ልዩነት ካለ ደረሰኙን ይዛችሁ ተመለሱና ማናጀሩን አነጋግሩ። ካሸሩ መጣኔውን አይወስንም፣ ከሱ ጋር አትጋጩ። ሱቁ እንቢ ካለ ብዙ ስቴቶች በትርፍ የተከፈለ ታክስ የሚጠየቅበት ቅጽ አላቸው። ከደረሰኙ ጋር ሱቁን መጀመሪያ መጠየቃችሁን የሚያሳይ ነገር፣ አንድ ኢሜይል እንኳ ቢሆን፣ አያይዙበት። ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጥቂት ወር ይደበዝዛል፤ በገዛችሁበት ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት።